አቮካዶ በሆዱ ይይዛል

ልጆቼ፣ ከ30 ዓመት በላይ ከፍራፍሬ ጋር ኖሬያለሁ። ዛሬ ሰበታ ዳር ባለችው ጓሮዬ 6 የአቮካዶ ዛፎች አሉኝ። ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲደርቅ፣ ጠዋት ጤዛው እስኪረግፍ ጠብቄ እለቅማለሁ። እናንተም በየጓሮው መትከል መጀመራችሁን ሳይ ደስ ይለኛል። አለቃቀማችሁን ሳይ ግን ሆዴ ይባባል።

ዛፉን ታራግፋላችሁ። ፍሬው መሬት ላይ ይፈርጣል፣ ማዳበሪያ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ማዳበሪያው አይሱዙ ላይ ይወረወራል። ያን ቀን ምንም አይታይም። አቮካዶ ምቱን በሆዱ ይዞ ይቆይና ሲበስል ነው የሚያወጣው። እኔም በወጣትነቴ እንዲሁ አድርጌ 2 ማዳበሪያ ይዤ ወረድኩ፤ አትክልት ተራ ያኔ ፒያሳ ነበር። አንዲት ነጋዴ ገዛችኝ። በሳምንቱ ስመለስ አንዱን ፍሬ ለሁለት ከፍላ አሳየችኝ። ላዩ አረንጓዴ፣ ውስጡ ጥቁር። ምንም አልተናገረችኝም። ገንዘቧን መለስኩላት።

ስለዚህ በመቀስ ቁረጡ። ፍሬው ከቅርንጫፉ የተያያዘበትን ጭራ የጥፍር ያህል አስቀሩለት። ከሥሩ ከተነቀለ ቦታው ቁስል ይሆናል፤ ሻጋታ የሚገባው በዚያ ነው። እጅ የማይደርስበትን፣ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ የጨርቅ ከረጢት አስራችሁ አውርዱት። እንደ እንቁላል ያዙት።

አቮካዶ ዛፍ ላይ እንዳለ አይለሰልስም፤ የሚበስለው ከተለቀመ በኋላ ነው። ገበያው ከወረደ እዚያው ዛፉ ላይ ትንሽ ይቆይላችኋል። መድረሱን ለማወቅ ሁለት ሦስት ፍሬ ቆርጣችሁ ቤት አስቀምጡ። ሳይጨማደድ ከለሰለሰ ደርሷል። ተጨማዶ እንደ ጎማ ከሆነ ሌላውን ገና አትንኩት።

ፍሪጅ የለንም አትበሉ። የጥቅምትና የኅዳር ሌሊት ለኛ ፍሪጃችን ነው። ጥላ ያለበት ክፍል ፈልጉ፤ ማታ መስኮቱን ክፈቱ፣ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ዝጉት። ፍሬውን ጭድ በተነጠፈበት ሣጥን ላይ ሳትደራርቡ ደርድሩ። ውርጭ የሚያገኘው ደጅ ላይ ግን አታሳድሩት፤ ብርዱ ሲበዛበት ውስጡ ይጠቁራል።

የበሰለውን ከጥሬው ለዩ። የበሰለ ፍሬ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ይለቃል፤ ጎረቤቱንም ያስቸኩላል። እንግዳ ሲመጣብኝ ይህንኑ እጠቀምበታለሁ፦ ጥሬውን ከበሰለ ሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት እዘጋበታለሁ።

ሣጥኖቹን በየጠዋቱ እዩ። በአውራ ጣት አትጫኑ፣ ምልክቱ ይቀራል። መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ በቀስታ ጨበጥ አድርጉት። አንገቱ ጋ ለስለስ ካለ፣ ያ ፍሬ ሳይውል ሳያድር ይሽጥ ወይ ይበላ።