ሥዕላችሁ ጥግ ላይ ስማችሁ አለ?

ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ይሄን የምጽፈው በተለይ ለምትሥሉት ነው። ታብሌት ላይም ሣሉ ደብተር ጀርባ ላይ፣ ካርቱንም ይሁን ለልጆች መጽሐፍ የሚሆን ሥዕል፣ ከእጃችሁ የሚወጣ ነገር ካለ የማወራው ከእናንተ ጋር ነው። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በሥዕል እንጀራ በልቻለሁ። ብዙ ነገር ልነግራችሁ እችል ነበር፤ ዛሬ ግን አንዱን ብቻ ልንገራችሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ዘመዴ ከለንደን ያመጣችልኝ አሮጌ የልጆች መጽሔት አለ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ጠርዙን ስነካው ይፈረፈራል። ስሙ «ዋም!» ይባላል። እንግሊዝ አገር በየሳምንቱ ይወጣ የነበረ የልጆች የቀልድ ኮሚክ ነው፤ ታሪኩ በተከታታይ ሥዕል የሚነገርበት መጽሔት ማለት ነው። የመጀመሪያው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 1964 ነበር፤ የመጨረሻው ደግሞ በጃንዋሪ 1968። በአጠቃላይ 187 እትም። አራት ዓመት እንኳን አልሞላውም። (የእንግሊዞቹን ነገር ሳወራ ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው።)

የዚህ መጽሔት ነገር የሚጀምረው ከአንድ ሰው ነው፤ ከሊዮ ባክሰንዴል። ባክሰንዴል በ1950ዎቹ «ዘ ቢኖ» ለሚባለው ዝነኛ የልጆች መጽሔት ይሥል ነበር። አሳታሚው ስኮትላንድ ውስጥ ደንዲ ከተማ ያለው ዲሲ ቶምሰን ነው። ሚኒ ዘ ሚንክስ የምትባለውን አስቸጋሪ ልጅ በ1953 የፈጠራት እሱ ነው። በዓመቱ ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲወጡ መንገዱን የሚያተራምሱትን የባሽ ስትሪት ልጆች ፈጠረ። እነዚህ ገጸ ባሕርያት ዛሬም ድረስ አሉ። የእንግሊዝ አያት ያውቃቸዋል፣ የልጅ ልጁም ያውቃቸዋል።

ያኔ ያነበቧቸው ልጆች ግን የሣላቸውን ሰው ስም አያውቁም ነበር። ሥዕሉ ላይ ፊርማ አይወጣማ! የአሳታሚው ቤት ደንብ ነው። ሰውየው በየሳምንቱ ገጽ ሙሉ ሕዝብ ይሥላል፤ አንዱ ጥግ ላይ ውሻ እያባረረ፣ ሌላው ጥግ ላይ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ፣ አስተማሪው መሐል ላይ ፀጉሩን እየነጨ። ይሄን ሁሉ ሠርቶ፣ አስረክቦ፣ ሌላ ይጀምራል። ሥራው ብዛቱ ከአቅም በላይ ሆነበትና በ1962 ጥሎ ወጣ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ነው «ዋም!» የመጣው። ባክሰንዴል ኦድሃምስ ለሚባለው የለንደን አሳታሚ ሠርቶ ከቢኖ የሚበልጥ ነገር ለማውጣት ተነሳ። ገጾቹን ሳገላብጥ የሰውየው እጅ እንደ ተፈታ ይታየኛል። በአንድ ቆሻሻ ልጅ ሰውነት ላይ የሚኖሩ ጀርሞች የራሳቸው ተከታታይ ታሪክ አላቸው። ጀነራል ኒት የሚባል የሮማ የጦር አዛዥ ቅጥ አምባሩ የጠፋ ሠራዊት ይመራል። ግሪምሊ ፊንዲሽ የሚባል ክፉ ሰው ደግሞ ዓለምን ልግዛ እያለ በየሳምንቱ ያሴራል፤ የሚያከሽፍበት አንድ ትንሽ ልጅ ነው።

እኔ ግን ከሁሉም የምወደው ፍራንኪ ስታይንን ነው። የእሱ ሠዓሊ ኬን ሪድ ይባላል፤ የማንችስተር ልጅ፣ እሱም ከቢኖ የመጣ። ታሪኩ ቀላል ነው። ፕሮፌሰር ኪዩብ የሚባሉ ሳይንቲስት ለልጃቸው ለሚኪ ጓደኛ እንዲሆነው ብለው ግዙፍ ጭራቅ ይሠራሉ። ጭራቁ ልቡ የሕፃን ልብ ነው፤ ሚኪን ይወዳል፣ ማንንም መጉዳት አይፈልግም፣ ግን የነካው ሁሉ ይሰበራል። አባትየው ይመርራቸዋል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሥራቸው ፍራንኪን ማስወገጃ ዘዴ መፈለግ ነው፤ በየሳምንቱም ዘዴው ይመለስና እሳቸው ላይ ይፈነዳል። ገጹን ጠጋ ብላችሁ እዩት። የፍራንኪ ጥፍር ለብቻው ተሥሏል። የእያንዳንዱ ጡብ ስንጥቅ አለ። በብዕር፣ በቀለም፣ ያለ ኮምፒውተር። ልጅ በአስር ደቂቃ አንብቦ ለሚጥለው ነገር! ለእኔ ለሥራ መታመን ማለት ይሄ ነው። ደግሞም ልጆቹ አልጣሉትም፤ ፍራንኪ «ዋም!» ከተዘጋ በኋላ በሌሎች መጽሔቶች ተነሥቶ ብዙ ዓመት ኖሯል።

አዘጋጉን ላሳጥረው። እንግሊዞቹ ገበያ የቀነሰበትን የልጆች መጽሔት «ተዘጋ» አይሉትም። ለልጆቹ «ታላቅ ዜና አለን!» ብለው ከሌላ መጽሔት ጋር ይቀላቅሉታል። «ዋም!» በዚህ መንገድ ወደ «ፓው!» ገባ። «ፓው!» በዚያው ዓመት ወደ «ስማሽ!» ገባ። «ስማሽ!» በ1971 ወደ «ቫሊያንት»፣ «ቫሊያንት» ደግሞ በ1976 ወደ «ባትል»። አንዱ አንዱን እየዋጠ ሄደ። ባክሰንዴል ራሱ «ዋም!» ሳይዘጋ ነው የሄደው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ።

በ1980 ባክሰንዴል በቢኖ ዘመን በፈጠራቸው ገጸ ባሕርያት መብት ጉዳይ ዲሲ ቶምሰንን ከሰሰ። ያኔ ሃምሳ ዓመት እየሞላው ነበር። ክርክሩ ሰባት ዓመት ፈጀ፤ በመጨረሻ ከፍርድ ቤት ውጭ በስምምነት አለቀ። ሰባት ዓመት! በዚያ ጊዜ ስንት ገጽ ይሣል ነበር? እኔ ይሄን ሳስብ ነው የሚያንገበግበኝ። ወጣት ሆኖ ሲያስረክብ ማንም ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ልጄ፣ ይሄ ነገር የማን ነው የሚሆነው?» ብሎ አልጠየቀው ይሆናል።

እኔንም የጠየቀኝ አልነበረም። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። አንድ አሳታሚ ቤት ለልጆች ጽሑፍ የሚሆን ሥዕል አሠራኝ። አንዲት ተንኮለኛ ፍየል ሣልኩላቸው። ግራ ጆሮዋ ሁልጊዜ የታጠፈ ነው፤ እናቴ ቤት ያደገችው ፍየል ጆሮዋ እንደዚያ ስለነበር። በገጽ ተከፈለኝ፣ ደስ ብሎኝ ወሰድኩ። ስሜን አልጻፍኩም። ለራሴ ቅጂ አላስቀረሁም። ውል የሚባል ነገር አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ ሰፈሬ ሱቅ ገብቼ ደብተር ስገዛ ፍየሌ ሽፋኑ ላይ ቆማ አየችኝ። ቀለሟ ተቀይሯል። ጆሮዋ ግን እንደታጠፈ ነው። ሄጄ ጠየቅኩ። «ያንተ መሆኑን በምን እናውቃለን?» አሉኝ፤ በክፋት እንኳን አልነበረም፣ በእርጋታ ነው የጠየቁኝ። የማሳየው ነገር አልነበረኝም። ደብተሩን ገዝቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ። እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ አንድም ገጽ አልጻፍኩበትም።

እናንተ ዛሬ ከእኔ የተሻለ ዕድል አላችሁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል ሕግ በእኛ አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ አለን፤ ሥራውን ያመነጨው ሰው ስሙ እንዲጠቀስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። አንብቡት። ረጅም አይደለም። ውል ሲመጣላችሁ ደግሞ ከክፍያው መስመር በፊት ያለውን አንብቡ፤ ለአንድ ጊዜ ኅትመት ነው የሸጣችሁት ወይስ ገጸ ባሕርይዋን ራሷን ነው? ይሄ ሁለቱ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ካልገባችሁ ሳትፈርሙ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ጠየቅክ ብሎ ሥራውን የሚከለክላችሁ ሰው ካለ ያ ሥራ ቀድሞም አይሆናችሁም ነበር። ከመላካችሁ በፊት ረቂቁን ከነቀኑ አስቀሩ። ትልቁን ፋይል አትስጡ፣ ለማሳያ ትንሹ ይበቃል።

ደግሞ ሥራው ትንሽ ነው፣ መጽሔቱ ነገ ይዘጋል ብላችሁ ስማችሁን አትንፈጉት። ከ1986 እስከ 1988 እዚያው እንግሊዝ «ኦይንክ!» የሚባል መጽሔት ወጥቶ ነበር፤ 68 እትም ብቻ። ሦስት ጓደኛሞች፣ ፓትሪክ ጋላገር፣ ቶኒ ኸዝባንድና ማርክ ሮጀርስ፣ የመሠረቱት ነው። እዚያ ግን ሠዓሊዎቹ ይፈርሙ ነበር። ከሚሥሉላቸው አንዱ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ ነው፤ ቻርሊ ብሩከር። ኋላ «ብላክ ሚረር» የሚባለውን ታዋቂ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ የጻፈው ያ ልጅ ነው። መጽሔቱ ተዘግቶም የልጁ ሥራ ከነስሙ ቀረ።

ባለፈው ቅዳሜ የጓደኛዬ ልጅ ሥራዋን ልታሳየኝ መጣች። እጅና እግር ያለው ጀበና ሥላለች፤ ስኒዎቹን ከኋላው አሰልፎ ገበያ ይሄዳል። በጣም ቆንጆ ነው። በቴሌግራም ለአንድ ደንበኛ ልትልከው ስትል እጇን ያዝኩት። «ስምሽስ?» አልኳት። የት እንደምታስገባው ጠፋት፣ ሥዕሉ እንዳይበላሽባት ፈራች። ጀበናው አንገት ላይ ቀጭን ስንጥቅ አየሁና ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። «የእማዬ ጀበና እኮ እዚህ ጋ የተሰነጠቀ ነው» አለችኝ። ስሟን እዚያው ስንጥቁ ሥር ጻፈችው።