ክረምቱን የት ላሳልፍ ላለችኝ ተማሪ

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ በር ላይ ጠብቃ ያዘችኝ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ነው የምትማረው። «ጋሼ፣ በቤተ ክርስቲያን የሚያስተምሩ ወጣቶች ለሚዘጋጁበት ለክረምቱ የተተኪ መምህራን ሥልጠና ተመርጫለሁ። እናቴ ደግሞ ብቻዋን ናት፤ ዳጉሳው አራሚ ይፈልጋል። የቱ ይሻለኛል?» አለችኝ። ሰማዩ ጠቁሮ ስለነበር «እስቲ አስቤበት እነግርሻለሁ» ብዬ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። እውነቱን ለመናገር ያስሮጠኝ ጥያቄው ነው።

መልሱን ለእርሷ ብቻ ብጽፍ ይበቃ ነበር። ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ይህን የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋምና ለሁላችሁም ይሁን።

በ1981 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ ነው። እናንተ ዛሬ ግቢ ጉባኤ ብላችሁ አዳራሽ የምትሞሉትን ያህል እኛ ግቢ ውስጥ መሰብሰብ አይታሰብም፤ የምንገናኘው በየደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት ነበር። የሸዋው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ጎርጎርዮስ ግን ክረምት ሲመጣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ዝዋይ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳም ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። ከዚያ የተመለሰ ልጅ ያስታውቃል። ከእኔ ጋር የሚያድር አንድ የጎጃም ልጅ ነበር፤ ለጠዋት ክፍል እንኳ ተቀስቅሶ የማይነሣ። ከዝዋይ ሲመለስ ሌሊት ተነሥቶ፣ እኛን ላለመረበሽ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይጸልይ ጀመር። ቀናሁበት። ለሚቀጥለው ክረምት እኔም ተመዘገብኩ።

ሰኔ ላይ ጎንደር አጠገብ ካለው አገሬ ከደምቢያ ደብዳቤ መጣ። አባቴ ፊደል አልቆጠረም፤ ያጻፈው በአንድ የቀበሌያችን መምህር ነው። ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዷል፤ አረሙ ሊቀድመን ነው፤ ቶሎ ድረስ። ሌላ ነገር የለበትም።

ሄድኩ። ያኔ ከአዲስ አበባ ጎንደር አውቶብሱ ሁለት ቀን ይፈጃል። የዓባይን በረሃ ስንወርድም ስንወጣም፣ ደብረ ማርቆስ ስናድርም የማስበው ጓደኞቼ ወደ ደቡብ ሲጓዙ እኔ ወደ ሰሜን መሄዴን ነበር። ቤት ስደርስ አባቴ ግንባሬን ስሞ፣ ሻንጣዬን ተቀብሎ፣ «እንኳን መጣህልኝ» አለ። እኔ «ሥራው ብዙ ነው?» ብዬ መለስኩ። ያች መልስ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች።

የደምቢያን ዋልካ በክረምት ያልረገጠ ሰው ጭቃ አውቃለሁ አይበል። እግር ያስገባል እንጂ አያስወጣም። የእኛ ማሳ ዳጉሳና ጤፍ ነበር። ዳጉሳ በቡቃያነቱ ከአረሙ አይለይም፤ ያደግኩበት ነገር ሆኖ ሳለ ሁለት ዓመት ከተማ ተቀምጬ ዓይኔ ጠፍቶ ዳጉሳውን እየነቀልኩ አረሙን እተዋለሁ። አባቴ ከኋላዬ አጎንብሶ እየመጣ የነቀልኩትን አንሥቶ መልሶ ይተክላል፤ በአውራ ጣቱ አፈሩን ጠቅ ጠቅ ያደርገዋል። አንድ ቀን እንኳ ተቆጥቶ አያውቅም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለማኩረፌ ምክንያት አገኝ ነበርና።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። የሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ከማሳው በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው። መሪጌታችን ከቅዳሴው በፊት በየቀኑ የውዳሴ ማርያምን ትርጓሜ ያስተምሩ ነበር፤ የሰኞውን ሰኞ፣ የማክሰኞውን ማክሰኞ፣ እንዲህ እያሉ እስከ እሑድ። ደግሞ እንደገና ከሰኞ። ጎንደር ተቀምጠው፣ አንዱን ቃል «አንድም፣ አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ የሚፈቱበትን ትርጓሜ የተማሩ ሰው ናቸው፤ መጽሐፍ አይዙም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚያወርዱት። አባቴ አረሙን ጥሎ ይሄዳል። እኔም እሄዳለሁ፤ ግን ከቅጽሩ ውጭ ዋርካው ሥር ቆሜ ከእኩዮቼ ጋር የአዲስ አበባ ወሬ አወራለሁ። እውነተኛው ትምህርት ዝዋይ ነው ያለው ብዬ ደምድሜ ነበር። እዚህ ያለውን ሴቶችና ሽማግሌዎች ይስሙት።

ማታ አባቴ እሳት ዳር ተቀምጦ፣ ባቱ ላይ የደረቀውን ጭቃ በሞቀ ውኃ እያረሰ፣ የሰማውን ለእናቴ ይደግምላታል። የማይናገረው አልነበረም፤ ምሳሌውን፣ ታሪኩን፣ መሪጌታ የት ላይ እንዳለቀሱ ሁሉ። እናቴ ንፍሮውን እያወጣች «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላለች። እኔ ጋቢዬን ተከናንቤ ወደ ግድግዳው ዞሬ እተኛለሁ። የተኛሁ መስያቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉልኝ ነበር።

ከዚያ ሁሉ ትምህርት በእጄ የቀረ አንድ የአባቴ ቀልድ ነው። ወሩ ሊያልቅ ሲል ለሽምብራ የምናርሰው መሬት ላይ አንደኛው በሬ ተኛ፤ አልነሣም አለ። አባቴ ጅራፉን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ በመሪጌታ ድምፅ፣ «ይህ በሬ ስለምን ተኛ ቢሉ፣ ደክሞታል። አንድም፣ ንቆናል። አንድም፣ ከእኔ ልጅ ጋር ተማክሯል» አለ። ሳልወድ ሳቅሁ። በዚያ ክረምት የሳቅሁት ያኔ ይመስለኛል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ሐምሌ 1982፣ አቡነ ጎርጎርዮስ በመኪና አደጋ ዐረፉ። እኔ አላየኋቸውም። በ1983 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ወደ ብላቴ የጦር ማሠልጠኛ ተወሰድን። እዚያ ዛፍ ሥር እየተሰበሰቡ ጸሎቱን የሚመሩት፣ የሚያጽናኑን፣ ዝዋይ የከረሙት ልጆች ነበሩ። አገሩ ሲገለባበጥ ብዙዎች ወደ ኬንያ ተሻገሩ፤ ሌሎቻችን ወደየቤታችን። በ1984 ማኅበረ ቅዱሳን ሲመሠረት ከፊት የነበሩት ከእነዚህ ወገን ናቸው። ወንድሜም በዚያው ዓመት ከኤርትራ በሱዳን ዞሮ፣ በመተማ በኩል በእግሩ ገባ፤ የእርሱን ታሪክ ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። መሪጌታም ዐረፉ፤ አባቴም። ትርጓሜውን የጻፈ፣ የቀዳ ሰው አልነበረም።

ዝዋይ መቅረቴ አሁን ብዙም አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ደምቢያ ሆኜም አለመገኘቴ ነው።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልመለስ፣ ልጄ። ጸልዪ፣ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተማከሪ አልልሽም፤ ይህን ሳትጠይቂኝ ታደርጊዋለሽ። ሂጂ ወይም ቅሪ ብዬ አልፈርድብሽም፤ የእናትሽን ጓዳ አላውቀውም። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ዳጉሳው ውስጥ ሆነሽ በየደቂቃው የሥልጠናውን ቴሌግራም የምታዪ ከሆነ፣ ወይም አዳራሽ ተቀምጠሽ የእናትሽ ወገብ የሚታይሽ ከሆነ፣ ሁለቱም ቦታ ሰው አላገኘም። እንደ እኔ ክረምቱ ያልፍሻል።

ሥልጠናው አይጠቅምም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። እኔ ራሴ ሲጠሩኝ አስተምርበታለሁ። ኪዳን አብሮ ማድረስ፣ ነገረ ሃይማኖትን በሥርዓቱ መማር፣ ቆሞ መናገርን መልመድ፣ ከሌላ ክፍለ ሀገር ልጅ ጋር አንድ ምንጣፍ ላይ ማደር የትም አይገኝም። የማይጥመኝ «አመራር» የሚባለው ክፍል ነው። ራእይ፣ ተልእኮ፣ ስትራቴጂ፤ ስላይዱ አያልቅም። እኔ በዕድሜዬ ያየሁት የተማሪ ማኅበር ጠብ ግን አብዛኛው ከገንዘብ ነው የተነሣው፤ ለጉዞ የተሰበሰበ፣ ደረሰኝ የሌለው፣ ኦዲት ያልተደረገ። የገቢና ወጪ መዝገብ መዝጋት፣ በሁለት ፊርማ ማውጣት፣ ቃለ ጉባኤ በዕለቱ መጻፍ፤ ይህን የሚያስተምር አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃ ነበር። ማን ይሰማኛል። የዛሬ ልጆች ደግሞ ሰርተፍኬቱን ፎቶ አንሥታችሁ ሳትለጥፉ እራት አትበሉም። ስልክ እጃችሁ ላይ ተሰፍቷል እንዴ?

ጎንደር ተቀምጣችሁ ይህን ማለቴ ያሳዝነኛል። በ1880 የሱዳን ደርቡሽ አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጥሎም የሊቃውንቱ ጉባኤ ከዚህ ከተማ አልጠፋም፤ ከበዓታ ቤተ ክርስቲያን አቋቋሙ፣ የማሕሌቱ ትምህርት፣ አልተለየም። አራት ዓመት እዚህ ተምሮ አንድ ቀን እንኳ በዓታ ሄዶ የቆሎ ተማሪዎቹን ሳያይ የሚመረቅ ግን አለ። የጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ ላይ ሁላችሁም አላችሁ።

የስልኩን ነገር ስናገር ልክ ነኝ፤ አሁን ደግሞ ልገለብጠው ነው። ወደ እናትሽ ከሄድሽ በፍልሰታ ያንን ስልክ ይዘሽ ውጪ። የእናንተ ሰፈር መሪጌታ ወይም ቄስ የሚያስተምሩ ከሆነ ፈቃዳቸውን ጠይቂና ቅጂ። ፋይሉን ቀንና ቦታ ጽፈሽ አስቀምጪው፤ «ድምፅ 27» ተብሎ ከሠርግ ዘፈን ጋር እንዳይደባለቅ። ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ሰብስበሽ አቡነ ዘበሰማያትን ብታስጠኚ፣ ከተተኪ መምህርነት የሚያንስ አገልግሎት አይደለም፤ ጭቃው ብቻ ነው የሚበልጠው። ወደ ሥልጠናው ከሄድሽ ደግሞ ለእናትሽ አራሚ የምትቀጥሪበትን ገንዘብ አስቀድመሽ ፈልጊ። ወንፈል የሚገቡላት ጎረቤቶች ካሉም ሄደሽ ራስሽ ለምኚያቸው፤ በስልክ አይሆንም።

ቅድም ዝዋይ መቅረቴ አይቆጨኝም ያልኩት ሙሉ እውነት አይደለም። ዛሬም ቢሆን አቡነ ጎርጎርዮስ ጠሩህ ብትሉኝ በዚህ ጉልበቴ አውቶብስ ተራ ነኝ።

ለሥልጠናው አዘጋጆች ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ለምን የገበሬ ልጆች ጥሪ ወደ ጳጉሜን አይገፋም? አረሙ ያኔ ይቀልላል፤ ሽምብራውም ለወላጅ ይተዋል። ካልሆነም በፍልሰታ በየሰፈሩ ያስተማረ ልጅ፣ ከደብሩ አስተዳዳሪ ደብዳቤ ካመጣ፣ እንደ ሠለጠነ ይቆጠርለትና የቀረውን ኮርስ በዓመቱ መካከል ይጨርስ። አምና ይህንኑ ሳነሣ «የዩኒቨርሲቲው መግቢያ ቀን ይለዋወጥብናል፤ አይመችም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ መግቢያውም መንገዱም የሚታመን አይደለም። ዘንድሮ ግን የሁለት ዙር መርሐ ግብር በወረቀት አዘጋጅቻለሁ፤ ከሰኔ 15 በፊት እሰጣቸዋለሁ። አንቺም ስምሽን በሁለተኛው ዙር እንድጽፈው ከፈለግሽ እሑድ ንገሪኝ፤ ባጃጅ አልይዝም።