ሰሌዳ ላይ የጻፉትን በአፍ ይናገሩት፦ የአካቶ ትምህርት ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከሰሜን ሸዋ የደረሱኝ ጥያቄዎች በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስላለው አካቶ ትምህርት፣ ማለትም አካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ከሌሎች ጋር በአንድ ክፍል ስለሚማሩበት አሠራር ናቸው። አሳጥሬ አቅርቤያቸዋለሁ።

«ደብረ ሲና የሒሳብ መምህር ነኝ። ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ዓይነ ስውር ተማሪ ገባልኝ። የልዩ ፍላጎት መምህሩ ‹ብሬሉን (በጣት የሚነበበውን የነጥብ ጽሑፍ) እኔ እይዛለሁ፣ ሒሳቡ ግን ያንተ ነው› አለኝ። ምን ላድርግ?»

ባልደረባህ ልክ ነው። ተማሪው የአንተም ተማሪ ነው። መጀመሪያ አፍህን አስለምድ። «ይሄን ወደዚህ ስናመጣው ይሄ ይሆናል» እያልን የምናስተምረው ለሚያይ ልጅ ብቻ ነው። ሰሌዳ ላይ የምትጽፈውን ሁሉ እየጻፍክ ተናገር። ክፍልፋይ ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በል። «ኤክስ ሲደመር አንድ ሲካፈል ለሁለት» ብለህ ብታልፍ፣ ለሁለት የሚካፈለው አንዱ ብቻ ይሁን ሁለቱም በምን ያውቃል? «ኤክስ ሲደመር አንድ፣ ሁሉም ሲካፈል ለሁለት» ካልክ ግን አለቀ። ለሚያዩትም ይጠቅማቸዋል።

ግራፉን ካርቶን ላይ ሥራው። ሁለቱን ዘንጎች በወፍራም ሲባጎ፣ መስመሩን በቀጭን ክር ለጥፍ። ነጥቦቹ ላይ ምስር ይበቃል። ጣቱን ይዘህ አትጎትተው፣ ራሱ ይዳብሰው።

አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪው ብሬል በስሌትና በስታይለስ (ወረቀት በሚያዝበት ባለ ቀዳዳ ሰሌዳና በመውጊያው) ሲጽፍ ከቀኝ ወደ ግራ እየወጋ ነው። ለማንበብ ወረቀቱን አውጥቶ መገልበጥ አለበት። ስለዚህ በመሃል «ቅድም ስንት ነበር ያልነው?» ቢልህ አልሰማም ብለህ አትቆጣው።

«በልዩ ፍላጎት ተመርቄ መንዝ ተመደብኩ። ‹አንቺማ ክፍለ ጊዜ የለሽም› ተብዬ የዜግነት ትምህርት ተጫነብኝ።»

ርዕሰ መምህር የሚቆጥረው ፕሮግራም ላይ ያየውን ነው። አንቺም ሥራሽን ፕሮግራም ላይ አስገቢው። ሰኞ 3ኛ ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ ክፍል፣ 5ኛው ድጋፍ ክፍል እያልሽ። ለእያንዳንዱ ተማሪ የግል የትምህርት ዕቅድ አዘጋጂና የትምህርቱን መምህር አስፈርሚ። በቃል ያለቀ ስምምነት ፈተና ሲደርስ የለም።

አንድ ሁለት ክፍል የዜግነት ትምህርት መያዙን ግን አልቃወምም። መምህራን ጠመኔ ይዛ ያዩአትን ነው የሚሰሙት። ሙሉ ጭነት ከሆነ እምቢ በይ። ደግሞ ክፍል ስትገቢ ከልጁ ጎን ተለጥፈሽ አትዋዪ። አስተማሪ አጠገቡ ቁጭ ካለ ማን ጓደኛ ይጠጋዋል?

«ልጄ መስማት የተሳናት ናት። እስከ 8ኛ በልዩ ክፍል በምልክት ቋንቋ ተማረች። ሁለተኛ ደረጃው አስተርጓሚ የለውም አሉኝ። ትቅር? እናት ነኝ፣ ከጅሩ።»

ኧረ አትቅር እናቴ! የለንም ያሉዎትን በጽሑፍ ይስጡኝ ይበሉ። እሱን አያይዘው ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ፣ ቅጂው ቤትዎ ይቀመጥ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። አንቀጽ 24 የትምህርት መብቷን በግልጽ ይናገራል። ሌላ መስማት የተሳነው ተማሪ ካለ አንድ ክፍል ይመደቡ ብለው ይጠይቁ፤ ብቻዋን አትሆንም።

እስከዚያው ማስታወሻውን ቀድማ ታግኝ፣ ከፊትም ትቀመጥ። መምህራንም በሞቴ፣ ብርዱ ቢጠናም አፋችሁን በፎጣ ጠቅልላችሁ አታስተምሩ። ወደ ሰሌዳው ዞራችሁም አታውሩ። ከንፈር ማየት ብቻውን አያስተምርም፣ ያግዛል እንጂ።

«ፈተና ላይ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ ሰዓት መጨመር ሌላውን መበደል አይደለም ወይ?» ከደብረ ብርሃን።

አይደለም። ታሪክ ስንፈትን የምንለካው የታሪክ ዕውቀቱን ነው፣ የብሬል ነጥብ የመውጋት ፍጥነቱን አይደለም። እንዲያውም በዚያው ስምምነት አንቀጽ 2 መሠረት ተገቢውን ማመቻቸት መከልከል ራሱ አድልዎ ነው። ጥያቄውን ማቅለል ግን ሌላ ነገር ነው። እሱን አትሞክሩት፣ ልጁንም ይንቃል።

«10ኛ ክፍል ፎቅ ላይ ነው። በዊልቸር የሚመጣ ተማሪ አለን፣ ጓደኞቹ ተሸክመው ያወጡታል።» ከሸዋ ሮቢት።

ልጁን ከምትሸከሙ ክፍሉን አውርዱት። ከምድር ቤቱ ሴክሽን ጋር መቀያየር ብቻ ነው። ለወደፊቱ ደግሞ የሕንፃ አዋጁ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ስለመሆናቸው የሚለውን አንብቡ። ቤተ ሙከራውና ቤተ መጻሕፍቱም አይረሱ። መጸዳጃ ቤቱንማ ዛሬውኑ ሜትር ይዛችሁ ሂዱና በሩን ለኩት። ዊልቸሩ ካልገባ ልጁ ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይጠጣ ነው የሚውለው።