ተነሥቶ ወዲያው ስለሚጠፋው አሮጌ የሞተር መጋዝ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዎን ደግሜ አነበብኩት። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ የከረመው መጋዝዎ በቾክ ይነሣል፤ ቾኩ ሲመለስ ጥቂት ሰከንዶች ይሠራና ቤንዚን መስጫው ሲጫን አፍኖት ይጠፋል። ካንዴላውን (የእሳት ብልጭታ የሚሰጠውን) ቀይረዋል፣ የካርቡራተሩንም (ነዳጅና አየር የሚደባልቀውን ክፍል) ብሎኖች ሞክረዋል፤ የተለወጠ ነገር ግን የለም። አሮጌ መጋዞችን ስጠግን ደጋግሞ ያጋጠመኝ ምልክት ስለሆነ በዝርዝር ልመልስልዎት።

ቾክ የሚያደርገው አየሩን አፍኖ ነዳጁን ማብዛት ነው። ስለዚህ በቾክ ብቻ የሚቆይ ሞተር እሳት ሳይሆን ነዳጅ እያነሰው ነው ማለት ነው፤ ካንዴላ መቀየርዎ ለውጥ ያላመጣውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ብሎኖቹን ለጊዜው ይተዉአቸውና ነዳጁ ከቋቱ ተነሥቶ ካርቡራተር እስኪደርስ ያለውን መንገድ ይከተሉ።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ግን ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ መቀነሻ) ፈትተው በጭስ መውጫው ቀዳዳ ፒስተኑን ይመልከቱ። የሚፈቱት ጥቂት ብሎኖችን ብቻ ነው። ጎኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ጥልቅ ጭረት ካለ ካርቡራተር ማጽዳት አያድነውም፤ ለስላሳ ከሆነ ይቀጥሉ። በዚያው አጋጣሚ የማርሚታውን የሽቦ ወንፊት ይዩት፤ በጥቀርሻ የተደፈነ ወንፊት ብቻውን ሞተሩን ጉልበት ያሳጣዋል።

በቋቱ ያለውን አሮጌ የቤንዚንና የዘይት ድብልቅ ሙሉ በሙሉ ይድፉት፤ ከአንድ ሁለት ወር በላይ የቆየ ቤንዚን አይታመንም። የአምራቹ መመሪያ 50 ለ 1 የሚል ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ይበቃል፤ ቀደም ያሉ አንዳንድ መጋዞች ግን 25 ለ 1፣ ማለትም 40 ሚሊ ሊትር ይጠይቃሉ። ከዚያ መጋዙን ደልዳላ ቦታ አስቀምጠው፣ የሰንሰለቱን ፍሬን ይዘው፣ የቋቱን ክዳን በትንሹ በማላላት ያስነሡት። ክዳኑ ሲላላ ሳይጠፋ ከቀጠለ የአየር ማስገቢያዋ ቀዳዳ ተደፍናለች፤ አየር የማይገባበት ቋት ነዳጁን አይለቅም። በቋቱ ውስጥ ያለውን ፊልትሮ በታጠፈ ሽቦ ስበው ያውጡና ይቀይሩት፤ ቱቦውንም በተለይ የቋቱን ግድግዳ በሚያልፍበት ቦታ አጠፍ አድርገው ስንጥቅ ይፈልጉ። የደረቀ ቱቦ ላይ ላዩን ደህና መስሎ ሲታጠፍ አፉን ይከፍታል፤ በዚያች ስንጥቅ በኩልም በነዳጅ ፈንታ አየር ይሳባል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ወደ ካርቡራተሩ ይግቡ፤ እኔም ጥፋቱ እዚያ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። በካርቡራተሩ የነዳጅ ፓምፕ በኩል ያለውን ክዳን ሲፈቱ ከጣት ጥፍር የምታንስ ቀጭን ወንፊት ያገኛሉ፤ ቡናማ ሙጫ መስሎ የደረቀ ነገር ሸፍኗት ከሆነ ነዳጁ ለሚኒሞ (ቤንዚን ሳይሰጡት ለሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ያህል ብቻ እየተንጠባጠበ ያልፍና ቤንዚን ሲሰጡት ያልቅበታል። ዲያፍራሞቹን (ነዳጁን የሚገፉትንና የሚመጥኑትን ስስ ሽፋኖች) ደግሞ በጣትዎ ነካ ያድርጓቸው። ደህናው እንደ ስስ ጨርቅ ይለሰልሳል፣ ድምፅም የለውም፤ ያረጀው ደርቆ ኮሽ ይላል። ኮሽ ካለ ለካርቡራተሩ ሞዴል የተዘጋጀውን የዲያፍራምና የጋርኒሲዮን (የማሸጊያ) ኪት ገዝተው ሁሉንም በአንድ ጊዜ ይቀይሩ። የጋርኒሲዮኑና የዲያፍራሙ ቅደም ተከተል በሁለቱ ጎኖች ስለሚለያይ ሲፈቱ ፎቶ ማንሣት ያስፈልጋል። የነዳጅ መርፌዋን የምትገፋውን ትንሽ ዘንግ እንዳያጣምሟት፤ ቀዳዳዎቹንም በሽቦ አይጎርጉሩ።

ብሎኖቹ የሚነኩት ከዚህ በኋላ ነው። ኤል (የዝቅተኛ ዙር) እና ኤች (የከፍተኛ ዙር) የሚባሉትን የካርቡራተር ብሎኖች ሳያስጨንቁ እስኪቆሙ ድረስ በካቻቢቴ ይዝጉና እያንዳንዳቸውን አንድ ሙሉ ዙር ይክፈቱ፤ ይህ መነሻ ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቤንዚን ሲሰጡት ሳያመነታ እንዲነሣ ኤልን ያስተካክሉ፤ ሚኒሞውን የሚይዘው ሦስተኛው ብሎን ደግሞ ሰንሰለቱ በሚኒሞ እንዳይዞር ተደርጎ ይስተካከላል። ኤችን አጥብቀው ሞተሩን ማስጮህ ግን አደገኛ ነው፤ የሚያለሰልሰው ዘይት የሚገባው ከነዳጁ ጋር ስለሆነ፣ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ዘይትም ያንሰዋል፤ ፒስተኑን የሚበላውም ይኸው ነው። ያለ ሥራ ሙሉ ቤንዚን ሲሰጡት ትንሽ ቢንተባተብና እንጨት ሲነካ ድምፁ ቢጠራ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ካለ፣ ወይም ቤንዚን መስጫውን ሲለቁት ዙሩ ቶሎ ካልወረደ፣ በካርቡራተሩና በሲሊንደሩ መካከል ባለው ጎማ ወይም በክራንክ ዘንጉ የዘይት መከላከያ ጎማዎች በኩል አየር እየገባ ነው። ይህንን በብሎን ለመሸፈን አይሞክሩ።

በደንብ ሠርቶ ሲሞቅ ብቻ የሚጠፋ፣ ሲበርድ ደግሞ የሚነሣ መጋዝ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ እዚያ የሚጠረጠረው ለካንዴላው እሳት የሚያመነጨው ቦቢና ነው። እርስዎ የገለጹት ግን ገና በብርዱ የሚጠፋ ስለሆነ ቦቢና ለመግዛት አይቸኩሉ።