ስለ ሲሊማሪንና ስለ ጉበት፦ ከአዳማ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

(ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ሲሊማሪን የሚባለው የእሾሃማ ተክል ፍሬ ንጥር ለጉበት እንደሚረዳ በጥናት ተረጋግጧል ወይስ ወሬ ነው?

መልስ፦ ወሬ አይደለም፤ ግን ጥናቶቹ አይስማሙም። በ1989 በታተመው ጥናት ሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ ይዞ የሚጠነክርበት ሕመም) ያለባቸው 170 ሕሙማን ተሳትፈዋል። በቀን 3 ጊዜ 140 ሚሊግራም ከወሰዱት 58 በመቶው ከ4 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ፤ መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ ክኒን ከተሰጣቸው ግን 39 በመቶው። ተስፋ የሚሰጥ ነበር። በ1998 ግን አልኮል ጉበታቸውን ለጎዳባቸው 200 ሰዎች በቀን 450 ሚሊግራም ተሞክሮ ሞትን አልቀነሰም። በ2012 ደግሞ ለሄፓታይተስ ሲ እስከ 700 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ለ24 ሳምንት ተሰጥቶ፣ ኤኤልቲን (ጉበት ሲጎዳ በደም ውስጥ ከፍ የሚለውን ልኬት) ከማስመሰያው የበለጠ አላወረደም። ያ በሽታ ዛሬ በ12 ሳምንት ክኒን ይድናል፤ በሲሊማሪን ጊዜ አታባክኑ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የወፍ በሽታ ይዞት የባህል መድኃኒት ጠጥቶ በሦስት ሳምንት ዳነ። ይህስ?

መልስ፦ እንኳን ዳነ። ግን የዓይን ቢጫ መሆን ምልክት ነው እንጂ አንድ በሽታ አይደለም። ሄፓታይተስ ኤ ከነበረ አብዛኛው ሰው ምንም ሳይጠጣ በሳምንታት ይድናል፤ ምስጋናውን የሚወስደው መድኃኒቱ ነው። ሄፓታይተስ ቢ ወይም የሐሞት ጠጠር ከሆነ ግን ሕክምናው ሌላ ነው፤ ስለዚህ ቅድሚያ የደም ምርመራ። የባህል መድኃኒት ብሎ እንዶድ መጠጣት ደግሞ በፍጹም! ልብስ የሚያጠራው፣ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ቀንድ አውጣ እንደሚገድል የደረሱበት ያው ተክል፣ ሲጠጣ ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። ጉበቱ የደከመ ሰው ፈሳሽ ሲያልቅበት ኩላሊቱም ይከተላል።

ጥያቄ፦ የኮሸሽላ ፍሬ ቀቅዬ እንደ ሻይ ብጠጣ አንድ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ሲሊማሪን ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። ኮሸሽላም ለብዙ እሾሃማ ተክል የምንሰጠው ስም ነው፤ ትክክለኛው ተክል ቅጠሉ ላይ ወተት የፈሰሰበት የሚመስል ነጭ መረብ አለው። ካፕሱል ከሆነ ጽሑፉን አንብቡ፦ «175 ሚሊግራም ንጥር፣ 80 በመቶ ሲሊማሪን» ማለት 140 ሚሊግራም ሲሊማሪን ነው። መቶኛው ያልተጻፈበት እሽግ ልኩን አይነግራችሁም።

ጥያቄ፦ ጉዳትስ?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፤ ሆድ መንፋት፣ ተቅማጥ። ተክሉ ከኑግ፣ ከሱፍና ከአደይ አበባ ጋር አንድ ቤተሰብ ስለሆነ በእነዚህ ሰውነቱ የሚቆጣ ሰው ይራቀው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ስኳሩን ይለካ።

ጥያቄ፦ እናቴ ለሄፓታይተስ ቢ ቴኖፎቪር ትወስዳለች። ትታው በሲሊማሪን ብትቀይረውስ?

መልስ፦ እህቴ፣ እባክሽ እንዳታቋርጥ። ቴኖፎቪር የቫይረሱን መራባት ያፍናል፤ ያለ ሐኪም ሲቋረጥ ቫይረሱ ተነስቶ ጉበቷን ክፉኛ ሊጎዳው ይችላል። ሲሊማሪን ይህን ሥራ አይተካም። ሆዷ ካበጠ፣ ደም ካስታወከች፣ ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ቀን ስታንቀላፋ ውላ ሌሊት መቀባጠር ከጀመረች፣ ሳታሳድሪ ሆስፒታል ውሰጃት።