በትዕዛዝ የታተመ ያገለገለ መጽሐፍ ሸጠው «ፎርጅድ ነው» ለተባሉት ጠያቂ

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ ያገለገለ መጽሐፍ በአማዞን ሸጠው፣ ገዢው የመጨረሻው ገጽ ላይ የ2021 ቀን በማየቱ «ኦሪጅናል አይደለም» ብሎ እንደከሰሰዎትና ድርጅቱም ደረሰኝ እንደጠየቀዎት ጽፈዋል። እኔም እዚሁ አሜሪካ ያገለገሉ መጻሕፍትን በኢንተርኔት ስሸጥ ዓመታት ስላለፉኝና ይኸው ቅሬታ በተደጋጋሚ ስለደረሰኝ የማውቀውን እነግርዎታለሁ።

ቀኑ ብቻውን መጽሐፉን ፎርጅድ አያሰኘውም። በትዕዛዝ የሚታተም መጽሐፍ አንድ ገዢ ባዘዘ ቁጥር አንድ ቅጂ እየተባለ የሚታተም በመሆኑ፣ በቅጂ መብት ገጹ ላይ ያለው ዓመት ሥራው የወጣበትን፣ የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ቀን ደግሞ ያ ቅጂ ከማተሚያው የወጣበትን ጊዜ ያሳያል። አማዞን የሚያትማቸውን መጻሕፍት የመጨረሻ ገጽ ቢገልጡ ብዙውን ጊዜ ግርጌው ላይ በአሜሪካ መሠራቱን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ እንደ ኮሎምቢያ ሳውዝ ካሮላይና ወይም ሚድልታውን ደላዌር ያለ የከተማ ስም፣ ቀንና ባርኮድ ያገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ከኬዲፒ (ደራሲዎች ራሳቸው መጽሐፍ ከሚያወጡበት የአማዞን አገልግሎት) ጋር የተዋሃደው ሌላው የአማዞን የኅትመት አገልግሎት ክሪኤትስፔስም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ትልልቅ አሳታሚዎችና የዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤቶችም ሽያጫቸው የቀነሰ የቆዩ መጻሕፍት ከገበያ እንዳይጠፉ በዚሁ መንገድ ያሳትማሉ፤ ስለዚህ የቀድሞውን ኅትመት የሚያውቅ አንባቢ ወረቀቱ ነጥቶ፣ ሽፋኑ ሳስቶ፣ ፎቶዎቹም ደብዝዘው ሲያይ ቢጠራጠር አልፈርድበትም።

ፎርጅድ መጽሐፍ ግን በእርግጥ አለ፣ በተለይም ውድ በሆኑ የትምህርት መጻሕፍት ላይ። ፊደላቱ በስካን የተገለበጡ መሆናቸውን የሚያሳብቅ ብዥታ ካላቸው፣ ከጥራዙ ወገን ስካን የተደረገው መጽሐፍ የማጠፊያ ጥላ ከታየ፣ ወይም ሽፋኑ ላይ ያለው አይኤስቢኤን (የመጽሐፉ መለያ ቁጥር) ከውስጠኛው ገጽ ጋር ካልተስማማ መጽሐፉን በቅናሽም ቢሆን መሸጥ አይገባም። ሽፋኑ ላይ ለሽያጭ እንደማይውል የሚገልጽ ጽሑፍ የታተመበት የደራሲ የማረሚያ ቅጂም ለገበያ መውጣት የለበትም።

ወደ ክሱ ስንመለስ፣ የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ አንቀጽ 109 በሕጋዊ መንገድ የተሠራ ቅጂ ባለቤት ያለ አሳታሚው ፈቃድ መልሶ እንዲሸጠው ይፈቅድለታል። ይሁን እንጂ አማዞንን የሚያሳምነው የሕግ ክርክር ሳይሆን መጽሐፉን ከየት እንዳገኙት የሚያሳይ ማስረጃ ነው። የእኛ ችግርም እዚህ ላይ ነው፤ ከቤተ መጻሕፍት ሽያጭና ከጓሮ ገበያ የምንገዛ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ደረሰኝ የለንም። ከእንግዲህ በእጅ የተጻፈም ቢሆን ቀንና የሻጩ ስም ያለበት ደረሰኝ ይጠይቁ። አሁን በእጅዎ ከሌለ ግን እንደሌለ በግልጽ ይጻፉ እንጂ በኮምፒውተር የተሠራ ወይም ቀኑ የተለወጠ ደረሰኝ በፍጹም አይላኩ፤ ያ ከተደረሰበት ጉዳዩ ከአንድ መጽሐፍ አልፎ አካውንትዎን ያዘጋል።

ገዢውን ሳይከራከሩ ገንዘቡን ይመልሱለትና መጽሐፉን መልሶ እንዲልክልዎት የመላኪያውን ወጪ ይሸፍኑለት፤ ቅጂው በእጅዎ ካልገባ ምንም ማሳየት አይችሉም። ከዚያም የሽፋኑን፣ የቅጂ መብት ገጹንና የመጨረሻውን ገጽ ፎቶ ከአጭር ማብራሪያ ጋር አያይዘው ይግባኝ ይበሉ። እኔ ለሽያጭ ሳወጣ «ይህ ቅጂ በትዕዛዝ የታተመ ነው፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው ቀን የዚህ ቅጂ የታተመበት ቀን ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ስለ መጽሐፉ ሁኔታ በሚገልጸው ጽሑፍ ላይ ማስፈር ከጀመርኩ ወዲህ ቅሬታው በግልጽ ቀንሶልኛል። አንዳንድ ገዢዎች ይህን አንብበው ይተዉታል፤ እነዚያ ግን ቢገዙም ኖሮ የሚመልሱት ነበሩ።

የመጨረሻውን ገጽና የቅጂ መብት ገጹን ፎቶ ከላኩልኝ አይቼ የይግባኙን ጽሑፍ አብረን እናዘጋጃለን።