ባልሽ አስተርጓሚሽ አይሁን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። አምስተኛ ወርሽን ይዘሻል፣ የአገሩን ቋንቋ ገና አልለመድሽም፣ ክትትል ስትሄጂ ባለቤትሽ ነው የሚያስተረጉምልሽ። «ይበቃኛል ወይ?» ነው ያልሽው። አይበቃሽም። እኔም በሰው አገር ነው የወለድኩት፣ የደረሰብኝ እንዳይደርስብሽ ልንገርሽ።

1. የሕክምና አስተርጓሚ ጠይቂ፣ በስልክም ቢሆን። የምትጠይቂው እዚያ ከደረስሽ በኋላ ሳይሆን ቀጠሮ ስትይዢ ነው። ፋይልሽ ላይም ይጻፍልሽ።

የኔ ባል ደግ ሰው ነው፣ በሱ አልፈርድም። ግን ሰባተኛ ወሬ ላይ ራሴን ይፈልጠኝ ጀመር። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል፣ ጠዋት ስነሳ ፊቴና ጣቶቼ አብጠው ቀለበቴ አይወጣም። ይሄን ሁሉ ዘርዝሬ ነገርኩት። እሱ ለአዋላጇ «ትንሽ ደክሟታል» ብሎ ጨረሰው። ግፊቴ ያን ቀን ድንበሩ ላይ ነበር። አዋላጇ እረፍት አድርጊ ብላ ሸኘችኝ። የራስ ምታቱን ብትሰማ ኖሮ እንደማትለቀኝ ኋላ ላይ ራሷ ነግራኛለች።

ሕመሙ ሲብስብኝ ተመልሼ ሄድኩና አስተርጓሚ ጠየቅኩ። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ሴት ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ለባሌ «አንተ ትናገር የለም እንዴ?» አለችው። ከኋላችን ያለውን ሰው ጠራች። እስካሁን ያንገበግበኛል! እኔ ግን ከመስኮቱ አልተነሳሁም። ጎረቤቴ በአገሩ ቋንቋ የጻፈችልኝን ወረቀት ፊቷ አስቀመጥኩ፦ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ። የማይቻል ከሆነ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ።» ተነስታ አለቃዋን ጠራች። ብዙም ሳይቆይ ጠረጴዛው ላይ ስልክ ተከፈተና አንዲት ሴት በአማርኛ «እንዴት ነሽ?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ግፊቴ ከ160 በላይ ሆኖ ተገኘ፣ ሽንቴ ውስጥም ፕሮቲን ነበር። ፕሪኢክላምፕሲያ ነው አሉኝ፣ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት ሕመም ማለት ነው፣ ያኔውኑ አስተኙኝ። ልጄ ቀድማ ብትወለድም ደህና ናት። ያንን መስኮት ባለመልቀቄ እኮራለሁ።

2. የዚህን ሕመም ምልክቶች በቃልሽ ያዢ። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ ከጎድን አጥንት ሥር ሕመም፣ ድንገተኛ የፊትና የእጅ እብጠት። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ እነዚህ ከመጡ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ሂጂ። ግፊት 140/90 ከደረሰ ቀላል አይደለም። ሁልጊዜ ስንት እንደሆነ ጠይቂና ጻፊው። ከወለድሽ በኋላም እስከ ስድስት ሳምንት ሊመጣ ስለሚችል «ተገላግያለሁ» ብለሽ አትዘናጊ።

3. ባል ፊት የማይወራም አለ። ግርዛት ካለ፣ በተለይ የተሰፋ ከሆነ፣ አዋላጇ አስቀድማ ማወቅ አለባት። አስፈላጊ ከሆነ ምጥ ሳይመጣ በፊት ይከፈታል፣ ሲወለድ የሚመጣውን ጉዳት ይቀንሳል። ቤት ውስጥ የሚመታሽ ካለም እንደዚያው። ይሄን በባል አፍ ማን ይናገራል? አንድ ጊዜ እንኳ ለብቻዬ አነጋግሩኝ በይ።

ወረቀቶችሽን ሁሉ ይዘሽ ተንቀሳቀሺ፣ ቤት ብትቀይሪ ሌላው ጤና ተቋም ከዜሮ እንዳይጀምርሽ። የደም ዓይነትሽን እወቂ። አርኤች ኔጌቲቭ ከሆንሽ (የደም ዓይነትሽ ከጎኑ የመቀነስ ምልክት ካለው)፣ ደምሽ የልጅሽን ደም እንዳይቃወም በ28ኛው ሳምንት አካባቢ ስለሚሰጠው መርፌ ጠይቂያቸው። የልጁ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ ደግሞ በወለድሽ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 ጀምሮ ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል ይመክራል። ዘግይተሽ ጀምረሽ ከሆነም «አሁን ምን ዋጋ አለው» አትበይ፣ የቀረውን አታሳልፊ። ያልገባሽ ወረቀት ላይም አትፈርሚ፣ አስተርጓሚው ያንብብልሽ።

ባለቤትሽ አይቅር፣ ምጥ ላይ አጠገብሽ ሆኖ እጅሽን ይያዝ፣ ወገብሽን ይሽልሽ። መናገሩን ግን ላንቺ ይተወው።

የሚቀጥለው ቀጠሮሽ መቼ ነው? ከዚያ በፊት ደውለሽ አስተርጓሚ አስይዢ። የአገሩን ቋንቋ ጻፊልኝና እዚህ ግሩፕ ውስጥ ከሚያውቁት ጋር ሆነን ወረቀቱን እናዘጋጅልሻለን።